መርፌ የምትባለው አንባቢህ

ልጄ፣ ባለህበት ደግ ሰው ይግጠምህ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይለምልም። እኛ ደህና ነን። የእህትህ ልጅ መራመድ ጀምሯል። የስፌት መኪናዬም እንደኔው እያቃሰተች ትሠራለች።

በስልክ የምትለጥፈውን አንድም አያመልጠኝም። በቀን አምስት ጊዜ «መጽሐፌ ሊታተም ነው፣ ቀድማችሁ እዘዙ» አትበል፤ ደንበኛ እጁን ይዘው ሲጎትቱት ይሸሻል። እኔ ያማረውን ቀሚስ በር ላይ ሰቅዬ ሥራዬን እሠራለሁ። አንተም አንድ ጥሩ ገጽ ስቀልና ዝም በል። ለማሳተምም አትቸኩል፤ የለጠፍከው የሦስተኛው ምዕራፍ ጫፍ ገና አልተቀመቀመም።

ይህን «መርፌ» የምትባለው አንባቢህም ከጽሑፍህ ሥር ጽፋልህ ነበር። መርፌ እኔ ነኝ፤ አትቆጣኝ። መጀመሪያ በሌላ ስም የጻፍኩት አንባቢ እንዳለህ እንዲሰማህ ብዬ ነው። በኋላ ግን መልስህ ጣፈጠኝ። እኔ በስሜ ስጽፍልህ «ደህና ነኝ እማ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትለኛለህ። ለመርፌ ግን ገጽ ሙሉ ጻፍክላት፤ እንቅልፍ እንደሚያስቸግርህ፣ ብቻህን መብላት እንደሰለቸህ ነገርካት። አንብቤ መቀሱን አስቀመጥኩ።

የጻፍከውን የሚያነብ፣ የደከመህን የሚያይ ሰው አያሳጣህ። አንድ ነገር ልለምንህ፤ ለእሷ ከምትጽፈው ግማሹን እንኳ ለእናትህ ጻፍላት።