ሁለተኛው ጄኔሬተር

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ዛሬ ጭሮ ከተማ ሄደን፣ መብራት ሲጠፋ የመንደራችንን የውኃ ፓምፕ የሚያስነሳ ጄኔሬተር ገዛን። የፊተኛውንም የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ነዳጅ አይበላም ብዬ የመንደሩን ሰዎች ትንሹን አስገዛኋቸው፤ በሦስተኛው ሳምንት ተቃጠለ። ሴቶቹ እንደገና ሸለቆ እየወረዱ መቅዳት ጀመሩ። ጎረቤቴ ዘይነባ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ጄሪካን እንደተሸከመች አቀበቱ ላይ ወደቀች፤ ጽንሱ አልተረፈም።

የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጂ አህመድ ዛሬም "አንተው ምረጥ" አሉኝ። ሌላ ሰው ይምረጥ ብላቸው፣ "ሌላ የሚያውቅ የለንም፣ ልጄ" አሉ።

ሻጩ የፓምፑ ሞተር ስንት ኪሎዋት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰባት ተኩል አልኩት።

"ሲነሳ እኮ ሦስት እጥፍ ኃይል ይስባል። ከሃያ አምስት በታች እንዳትወስድ።"

ያን ጊዜ ይህን የነገረኝ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ትልቁን መረጥኩ።

መንደር ስንደርስ ለማውረድ ቀድሞ የመጣው የዘይነባ ባል አብዲ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አናግሮኝ አያውቅም። ከጎኔ ገብቶ ብረቱን ያዘና "ይሄኛው ያስነሳል?" አለኝ።

"ኢንሻአላህ ያስነሳል" አልኩት።

ከሰዓት በኋላ፣ ከአሱር ሶላት ቀጥሎ ፓምፑ ተነሳ፤ ውኃው መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ደስም አላለኝ፣ አላዘንኩምም፤ እጄን ብቻ አይ ነበር። አብዲ በጣሳ ቀድቶ ሰጠኝና ጠጣሁ። ይቅር በለኝ ልለው ቀና ስል፣

"ልጨምርልህ?" አለኝ።

"ጨምርልኝ" አልኩት።