ካሴቱን ያስጸዳሁት እኔ ነኝ

ውድ አባዬ፣

ከተለያየን ስምንት ወር አለፈ። ሰው ሁሉ «እየቀለለሽ ይሄዳል» ብሎኝ ነበር፤ ውሸት ነው። እማዬ ደህና ናት። የድምፅ መቅጃ ጠረጴዛህን በረንዳ ላይ አውጥታ ጎመን ትከትፍበታለች። እኔም ተመርቄአለሁ፣ ጋውኔን ሳታይልኝ። ከቤታችን ጀርባ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደግሞ አሮጌዎቹን የሽመና ማሽኖች አስወጥቶ፣ ድምፃቸው የማይሰማ አዳዲሶች አስገብቷል። ሰፈሩ «ተገላገልን» አለ። እኔ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

የማሽኑን ድምፅ ልትቀዳ የፋብሪካው አጥር ስር ማይክሮፎኑን ይዤልህ ስንቆም፣ ዘበኛው ኦቦ ቶሎሳ «አካም ጅርቱ መምህር፣ ዛሬም ማሽናችንን ሊያዘፍኑ መጡ?» እያለ ይስቅ ነበር። እማዬም «ሰው ዘፈን ይቀዳል፣ የኔ ባል ፋብሪካ!» ትላለች። ተማሪዎችህ «ጋሼ ኳኳታ» እያሉህ ሃያ ዓመት አስተማርክ። ለማሲንቆና ለሽመና ማሽን የደረስከውን ያን ረጅም ሥራ የምታስተምርበት የሙዚቃ ኮሌጅ አንድ ቀን እንኳ መድረክ ላይ አላወጣልህም። ማሲንቆው ዝም ሲል የሚዘፍነው ማሽኑ ነበር። ይሄ አልገባቸውም።

ስትሞት ፈለጉህ። መታሰቢያ ልናዘጋጅ ነው፣ ያ ሥራ የተቀዳበትን ካሴት አምጪ አሉኝ። ደስ ብሎኝ ቡራዩ ወዳለ አንድ ስቱዲዮ ይዤው ሮጥኩ። ካሴቱ አርጅቷል፣ ሽሽሽ ይላል። ባለሙያው «ጩኸቱን ላጽዳው?» ሲለኝ «አጽዳው» አልኩት። ማሽኑ ራሱ ሙዚቃው ነው፣ እንዳትነካው ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ፣ አባዬ። ይስቅብኛል ብዬ አፈርኩብህ።

ስመለስ የማሽኑ ድምፅ ከቅጂው ላይ የለም። ማሲንቆው ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች ሳይቀር ቆርጦ አገጣጥሞ፣ አርባውን ደቂቃ ዘጠኝ አድርጎታል። መጀመሪያ ከካሴቱ የገለበጠውን ቅጂ አጥፍቶታል፤ የካሴቱ ክርም ሲቀዳ ተበጣጥሷል። «እንዴት አድርጌ እንዳሳመርኩልሽ!» አለኝ፣ ከልቡ።

ኮሌጁም ወደደው። የክፍሉ ኃላፊ «አሁን ገና ሙዚቃ ሆነ» አለኝ። በረዳት መምህርነት እንቀጥርሻለን፣ ይህንኑ ለተማሪዎች ታስተምሪያለሽ አለኝ። ሥራ ፍለጋ ጫማዬ አልቋል። ቢሆንም መታሰቢያው ላይ ተነስቼ «ይህ የአባቴ ሥራ አይደለም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ! ኀዘን ነው የሚያናግራት ብለው። ከዚያ ዘጠኙን ደቂቃ ደግመው ከፈቱት። በማግስቱ ሥራው ይቅርብኝ አልኩ። እማዬ እስከዛሬ አኩርፋኛለች።

አሁን የማሽኑን ክፍል ከጭንቅላቴ እያወጣሁ በኖታ እየጻፍኩ ነው። አንተ አልጻፍከውም፤ «ማሽኑ ያውቀዋል» ትለኝ ነበር። ስድስት ደቂቃ ያህል ደርሻለሁ። ክር ተበጥሶ ማሽኑ ቀጥ የሚልበት ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። ማሲንቆው ከመግባቱ በፊት ስንት ነበር የምትቆጥረው? አምስት ይመስለኛል። ሰባትም ሊሆን ይችላል። የሚጠየቅ ሰው የለም። ስለዚህ ባዶውን ትቼዋለሁ፤ በግምት አልሞላውም። አልረሳህም፣ አባዬ። አሳምሬም አላስታውስህም።

ልጅህ ሲፈን