አባባ ከክፍሉ አልወጣም ያለ ጊዜ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እታለሜ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺንም ቤትሽንም በደህና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብሽ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ሐኪም ቤት ያመላልስሻል? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ነው? ያ እንቅልፍ የሚነሳው የፈረቃ ሥራ ቀረለት? ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹ ድንቡሼስ ጥርስ አወጣ? እኔ ደህና ነኝ። አባባም በአካሉ ደህና ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ የሚቀጥለውን ስታነቢ ልብሽ እንዳይሸበር ነው።

ስትደውዪ ስልኩን ያላነሳሁት ኩርፊያ ይዞኝ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ኩርፊያም አለበት። ግን በስልክ አንቺ ትቀድሚኛለሽ፣ እኔን እንባ ይቀድመኛል፣ ነገሩም መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ወረቀት ሲሆን ሳታቋርጪኝ እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ ብዬ ነው።

ሳሎኑን እንደላክሽልኝ ፎቶ አድርገን ጨርሰን ነበር። እማማ ካረፈች ወዲህ አባባ መስኮት መክፈት እንኳ ስለተወ፣ በእረፍታችሁ ያደራችሁበትን የፈረንሳይ ገጠር ቤት አስመስለን ብርሃን እናስገባለት ያልሽውን ሐሳብ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት። አረንጓዴውን ዘይት ቀለም ፍቀን ግድግዳውን በኖራ ለሰንነው፤ እንዳልሽውም የእጅ ዱካ እንዲታይበት ሻከር ተደርጎ። ከስፌት ቤታችን ወፍራም ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ አምጥቼ መጋረጃ ሰፋሁ፤ ለጠረጴዛው ባለ ትንንሽ ካሬ ልብስ አዘጋጀሁ። የደረቀ አበባ በእቅፍ በእቅፍ እያሰርኩ ከጓዳው በር በላይ ስሰቅል አባባ ቀና ብሎ አየና «እኔ እንደሆንኩ አልሞትኩ፤ አበባው ለማን ነው?» አለኝ።

አናጢውን ቶሎቶሎ እንለዋለን። ስሙን ያወጣለት አባባ ነው፤ ሰውየው አንዲት ሚስማር መትቶ አረፍ ስለሚል። አዲሱን ጠረጴዛ አሮጌ ለማስመሰል በሰንሰለት ሲደበድበው አባባ ከበረንዳ እየሮጠ መጣ፤ «ምን አጠፋ?» ብሎ። እንዲያረጅ ነው አባቴ ቢለው፣ «እኔን ብትጠይቁኝ ያለ ዱላ እንዴት እንደሚያረጅ አሳያችሁ ነበር» አለ። ያን ቀን ሁላችንም እየሳቅን ነበር። ቤቱ ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው ነው መሰለሽ።

የራሱን መኝታ ቤት ግን አትንኩብኝ ብሎ ነበር። አንቺ ደግሞ የጣሪያው እንጨት ከሳሎኑ እስከ መኝታ ቤቱ ወጥ ሆኖ ካልታየ ምኑን የገጠር ቤት ሆነ ብለሽ ድርቅ አልሽ። በሁለታችሁ መሐል መከራዬን አየሁ። በመጨረሻ ኮርኒሱን ብቻ እናወርዳለን፣ ግድግዳውንም አልጋውንም አንነካም ብዬ ለምኜ እሺ አሰኘሁት።

ኮርኒሱ ሲወርድ ዋናው ተሸካሚ ግንድ ብቅ አለ። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ወፍራም፣ ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው። ቶሎቶሎ መሰላል ላይ ሆኖ ሊጠርገው መሮውን ጫን ቢያደርገው እስከ እጀታው ድረስ ሰመጠ። ዱቄት የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ ፈሰሰበት። ምስጥ ሆዱን በልቶ ቅርፊቱን ብቻ ትቶት ኖሯል። ቀስ ብሎ ወረደና «አባትሽ እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳይተኙ» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ከዚያ ዝቅ ብዬ አየሁ። ግንዱ ያለው በትክክል ከአባባ ትራስ በላይ ነው።

አባባ ሊሰማ አልፈለገም። ያን እንጨት በወጣትነቱ በራሱ የጭነት መኪና ጭኖ ያመጣው እሱ ነው፤ መርጦ ያስቆረጠውም እሱ ነው። ስለ እንጨት ለእኔ አትንገሩኝ አለ። ቶሎቶሎ በመሮ እየወጋ ቢያሳየውም ፊቱን አዞረ። ከዚያ ለእኔ ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰው ከቤቱ የሚወጣው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀለሙን፣ ቀጥሎ ኮርኒሱን፣ ከዚያ ባለቤቱን» አለኝ። ሰበብ ፈልገን ልናስወጣው የዶለትን መስሎታል።

አንቺ የደወልሽው በዚህ መሐል ነው። እጄ ኖራ ስለነበር ስልኩን ድምፁን ለቅቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አልወጣም እንዳለ ነገርኩሽ። አንቺም ተናደድሽ፤ ለእሱ ፈርተሽ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ያልሽው «እሺ ካላለ ተሸክማችሁ አውጡት፤ ድሮውንም ያ ቤት መሸጥ ነበረበት» የሚል ነው። እታለሜ፣ አባባ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ገብቶ አልጋው ላይ ጋደም አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ያን ሌሊት እዚያው አደረ፤ እኔ ደጃፉ ላይ ወንበር ይዤ እንጨት እየሰማሁ አነጋሁ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቆረ። ቶሎቶሎ ዝናቡ ሳይመጣ ከግንዱ ሥር ድጋፍ ላቁም ቢል፣ ድጋፉ የሚቆመው አልጋው ያለበት ቦታ ላይ ነው፤ አባባ ደግሞ አልጋዬን የሚነካ ሰው ወዮለት ብሏል። ጎረቤታችን ጡረተኛዋ ነርስ መጥተው ለመኑት። «ሚስቴ ከዚህ ክፍል እንዴት እንደወጣች አይተሻል፤ እኔም እንደዚያው ነው የምወጣው» አላቸው። እንባቸውን እየጠረጉ ወጡ። ከምሳ በኋላ ነፋስ ተነሳና ቆርቆሮው ይንቋቋ ጀመር።

ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ፍራሼን ከክፍሌ ጎትቼ አመጣሁና ከአልጋው ጎን፣ ከግንዱ ሥር አንጥፌ ተጋደምኩ።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለኝ።

«ልተኛ ነዋ» አልኩት።

«ተነሺ!»

«አንተ እንጨቱ ጤነኛ ነው ብለሃል። ጤነኛ ከሆነ ምን ቸገረህ?»

እኔም በጀርባዬ ተኝቼ ያን ግንድ አየሁት። ዝናቡ ጣሪያውን እንደመታው ከላይ ጠጠር የሚሰበር የመሰለ ድምፅ መጣ፤ አቧራም ጉንጬ ላይ ወረደ። አልጠረግኩትም። አባባ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጣሪያውን ያያል። ድምፁ ሲደገም «በእናትሽ ተነሺ» አለኝ። እማማ ካረፈች ጀምሮ ከእኔ ጋር ስለ እሷ ላለማንሳት ስንት ነገር ሲያልፍ የኖረ ሰው፣ በእናትሽ አለኝ።

«አብረን» አልኩት።

ጫማውን እንኳ አላደረገም። ብብቴን ይዞ እንደ ሕፃን አነሳኝና እየጎተተ ሳሎን አደረሰኝ። እዚያ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት ያ የተደበደበ ጠረጴዛ ላይ በሁለት እጁ ተደገፈ። ቶሎቶሎ ለስሙ የሚገባውን ያን ቀን ሠራ፤ ከጎረቤት ሰዎች ጋር አልጋውን አውጥተው ድጋፎቹን ዝናቡ ሳያባራ አቆሙ።

ጠዋት ግንዱን ለማውረድ ገመድ ሲያስሩበት ለሁለት ተሰበረ። ግማሹን ድጋፉ ያዘው፤ ግማሹ ተምዘግዝጎ የአልጋው ራስጌ የነበረበትን ወለል አሰረጎደው። ማንም አልተነካም፤ ተመስገን። አባባ መጥቶ የሰረጎደው ወለል ላይ እግሩን አሳረፈ። ወደ ቶሎቶሎ ዞሮ «ሻይ ጠጥተሃል?» ብቻ አለው።

አሁን አዲስ ግንድ እየገባ ነው። አባባ በኮርኒስ አትሸፍኑብኝ ብሏል፤ ከእንግዲህ ተሸካሚውን እያየ ነው የሚተኛው። ስለዚህ ያማረሽ ጣሪያ አልቀረብሽም፤ ምክንያቱ የእሱ ይሁን እንጂ። ሐቁን ልንገርሽ፣ አንቺ ድርቅ ባትዪ ያን ኮርኒስ ማንም አይከፍተውም ነበር። ይህንንም ነግሬዋለሁ። ቤቱ መሸጥ ነበረበት ያልሽው ግን ውስጡ ገብቶ ተቀምጧል፤ ያንን እኔ ላወጣለት አልችልም። ስለ ቀለም ሳይሆን ስለዚያ ቃል ራስሽ ደውዪለት። ቢዘጋብሽ መልሰሽ ደውዪ።

ለጋሼ ከአንገት ዝቅ ብዬ ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ቀሚሷን እየሰፋሁላት ነው፣ ቁመቷን ላኪልኝ። ድንቡሼን ያን ጉንጩን እስኪቀላ ሳሚልኝ። ጎረቤታችን ነርሷ ናፍቀሽኛል ይሉሻል። ቶሎቶሎም ሰላምታ ልኳል፤ ደርሶሽ እንደሆነ ንገሪኝ።

አባባ ሰላምታ አልላከልሽም፤ ዋሽቼ አልጽፍልሽም። ግን ቅድም የቀለም ብሩሽ እያጠበ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ለአንቺ እንደሆነ ነገርኩት። ብሩሹን አጥቦ ጨረሰና፣ ስምሽን ሳይጠራ፣ «ስትመጣ የምትተኛበትን ክፍል በር ምን ቀለም ላድርገው ብለሽ ጠይቂያት» አለኝ።

ታናሽሽ

ከአባባ ቤት፣ በረንዳው ላይ ሆኜ
ሰኔ ፭ ቀን