ቃሏን እያየሁ የቀደድኳቸው ገጾች

ውዴ አስፋው፣

ከተለየኸኝ ሰባት ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ሰባት ዓመትህን ሩፋኤል አስበን ዋልን። ዝክሩ ትንሽ ነበር፣ ሰዉም ትንሽ። ከመሥሪያ ቤትህ የመጣችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ወደ እሷ ኋላ እመጣለሁ። በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ከሥራ ስትገባም መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነበር።

ከኋላችን የነበሩት ጎረቤቶች መንገዱ ሲሰፋ ተነሥተው ሄዱ። አጥራቸው ስለፈረሰ አሁን ከመኝታ ቤቱ መስኮት እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ተራራ ሥር ቤት ሠርተን ተራራውን ሳናየው ልንሞት ነው» ትል አልነበር? ይኸው ታየ። የማየው ግን ብቻዬን ነኝ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ባልዲውን ሁሉ ሞልቼ እጠብቃለሁ፣ የምጠጣውን እንዳስተማርከኝ አፈላለሁ። ወጥ የምሠራው በትንሿ ድስት ነው፣ እሷም ትተርፈኛለች። ልጃችን ሕይወት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥራ አያት ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፤ ሦስት ታክሲ ነው፣ ስለዚህ ትደውላለች እንጂ ብዙ አትመጣም። አልፈርድባትም።

የራሴን ድምፅ ሳልሰማ የምውልበት ቀን አለ። እንደዚያ ሲሆን መጽሐፍ አወጣና ጮክ ብዬ አነባለሁ። ድሮ እኔ ሳነብ አንተ ጋዜጣህን የምታነብ መስለህ ትሰማኝ ነበር፤ ስሳሳት ጉሮሮህን ትጠርጋለህ። አሁን ስሳሳት ዝም ነው። ትክክል ያነበብኩ እየመሰለኝ ስንቱን ቃል አበላሽቼ እንዳለፍኩ አላውቅም።

ፊደል የቆጠርኩት ተገልብጦ እንደሆነ ታውቃለህ። ሕይወት አንደኛ ክፍል ሳለች ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስታጠና፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ከማዶ አያለሁ። «ሀ»ን መጀመሪያ ያወቅኳት እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ ነው። ደርሰህበት ስትስቅ፣ «አንቺን ለማስተማር አስተማሪው በጭንቅላቱ መቆም አለበት» አልከኝ። ከዚያ ከምትሠራበት ቤተ ሙከራ የሚጣለውን ወረቀት እያመጣህልኝ፣ ማንም ሳያስተምረኝ እየቆየሁ ቀናሁ። ግን አንድ ጉድለት ቀረብኝ። ቃል ቶሎ አያለሁ፤ ዓረፍተ ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚገባኝ። ገጹን ገና ስገልጠው የምፈልጋት ቃል ብድግ ብላ ትታየኛለች፣ ከጎኗ ያለው ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በዚህች ጉድለት ምክንያት ነው።

ያን ክረምት ታስታውሳለህ። ከቆላው ወንዝ ዳር የመጡትን የበሽተኞች ናሙናዎች ስትመረምር ሰንብተህ አንድ ቀን ከሰዓት ገባህ፣ ኮትህን ሳታወልቅ ተቀመጥክ። አግኝተኸዋል። ጀርሙን በምታበቅልበት አረንጓዴ ምግብ ላይ ቢጫ ቢጫ ሆኖ በቅሏል፣ ደግመህ ብትሠራውም ያው ነው፣ ኮሌራ ነው። ኃላፊው ግን በሪፖርቱ ላይ ኮሌራ የምትለው ቃል እንዳትገባ ብሎሃል። «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ይባል፣ ባጭሩ አተት። «አቶ አስፋው፣ ሳይንሱን ማን ነካብዎት? ቃሏን ብቻ ነው ተዉ ያልንዎት» አለህ። አንተም፣ «በሽታ ስሙ ሲቀየር የሚለቅ ከሆነ የኔንም ሪህ እስክስታ ብላችሁ ጻፉልኝ» ብለኸው ወጣህ። እኔ ሳቅኩ፤ አንተ አልሳቅክም። ሰው ወንዙን የሚፈራው ቃሏን ሲሰማ ነው አልከኝ። ተቅማጥ ነው ከተባለማ ያልፋል ብሎ ይጠጣል።

ከዚያ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ከእጅህ ወሰዱት። የቀረህ ቤት የምታስቀምጠው፣ ባለ ሰማያዊ ልባሱ ደብተርህ ብቻ ነበር። የየቀኑን ሥራ እሱ ላይ ትገለብጥ ነበር፤ የበሽተኞቹን ውጤት በፈረንጅ ፊደልና በቁጥር፣ ሌላውን በአማርኛ።

ተጨማሪ ናሙና ልታመጣ ቆላ እንደወረድክ፣ ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች በራችንን አንኳኩ። ቁጣ የለም፣ ስድብ የለም። አንደኛው፣ «እናቴ፣ አቶ አስፋው ቤት የሚያስቀምጡት ወረቀት ይኖራል?» አለኝ። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ፊደል አልቆጠርኩም» አልኩት። ተያዩና «እንግዲያው ደህና ይዋሉ» ብለው ሄዱ። ያን ያህል ለስላሳ ባይሆኑ ኖሮ ያን ያህል የምፈራ አይመስለኝም።

በሩን ዘግቼ ደብተርህን ከቁምሳጥኑ አወጣሁ። ሁሉንም ማጥፋት አልቻልኩም፣ ልፋትህ ነው። ስለዚህ ብልህ የሆንኩ መሰለኝና፣ ያቺ የተከለከለችው ቃል ያለችበትን ገጽ ብቻ እየፈለግኩ ቀደድኩ። ኮሌራ፣ ኮሌራ፣ ኮሌራ። እንደነገርኩህ፣ ቃል ቶሎ አያለሁ። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈውን ስለማልችለው ተውኩት። የቀደድኩትን ከሰል ምድጃው ላይ ጨመርኩት። አንዷ ገጽ እየተጠቀለለች ስትነድ ከቃሏ አጠገብ «የለበትም» የሚል አየሁ። አየሁና ምንም አላሰብኩም።

ለአንተ አልነገርኩህም። ስትመለስ ደክመህ ነበር፣ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግሥቱ ነገሩን የሚያጣራው የመሥሪያ ቤትህ ኮሚቴ ጠራህና ደብተሩን ሳትገልጠው በብብትህ ይዘህ ሄድክ።

በምሳ ሰዓት ተመለስክ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ የተቀደደበት ላይ ገለጥከው፤ የቀረውን የወረቀት ጠርዝ በጣትህ ከላይ እስከ ታች ዳሰስከው። ቀና ብለህ አየኸኝ። ከዚያ «ምሳ ደርሷል?» አልክ። አቀረብኩልህ፣ ሳታስተርፍ በላህ። ብትቆጣኝ ኖሮ እናገር ነበር። አስፋው፣ ያን ምሳ እንዴት እንደበላኸው እስከዛሬ አልገባኝም።

ከቤተ ሙከራ አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ሲመድቡህ የመጣውን ደብዳቤ አነበብኩት። «ውጤቱ ማመሳከሪያ የሌለውና በችኮላ የተሠራ ሆኖ በመገኘቱ» ይላል። ማመሳከሪያ ምንድነው አልኩህ። ዓይንህን ከጋዜጣው ሳታነሣ እንዲህ ብለህ አስረዳኸኝ፦ ሥጋ ቤት ስትሄጂ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን አይተሽ ነው የምትገዢው፤ እኛም ኮሌራ እንደሌለበት የምናውቀውን ናሙና አብረን እንመረምራለን፤ እሱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ የሌላው ውጤት ይታመናል። ያን ጊዜ ምድጃው ላይ ያየኋት «የለበትም» ገባችኝ። ያቃጠልኩት የኮሌራውን ገጽ አልነበረም። ኮሌራ የሌለባቸውን፣ ሚዛኑ ልክ መሆኑን የሚመሰክሩልህን ገጾች ነው። ለነሱ የማይመቸውን ትቼ አንተን የሚያድነውን አቃጠልኩ።

ያኔም አልተናገርኩም። ጡረታ እስክትወጣ ጓንትና ብልቃጥ ስታድል ኖርክ፣ እኔም ነጭ ካፖርትህን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ የማትለብሰውን ሰቀልኩት። የቆላው ወሬም በየጊዜው ይደርሰን ነበር። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። የሞተ ሰው ስም በሰማሁ ቁጥር ግን ሁሉም ያን ወንዝ የጠጣ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እንግዳዋ ልምጣ። ሰናይትን ታስታውሳታለህ፤ አዲስ ተመርቃ አንተ ሥር የገባችውን፣ «ብልቃጥ ሰባሪዋ» የምትላትን። ዛሬ ዶክተር ሆናለች፣ ፀጉሯም ሸብቷል። ከቅዳሴ በኋላ ክንዴን ይዛ ቤት ድረስ አደረሰችኝ። በነዚያ ዓመታት የምርመራ ውጤት እንዴት ይድበሰበስ እንደነበር ጥናት እየጻፈች ነው። አለቆቿ «ጊዜው አይደለም» ብለዋታል። «እትዬ ብርቅነሽ፣ እኛ መሥሪያ ቤት እኮ ጊዜው ሆኖ አያውቅም» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ «ለብዙ ዓመት ጋሼ አስፋውን ተቀይሜያቸው ነበር» አለችኝ። ያን ቀን ኮሚቴው ክፍል ውስጥ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ነበረች። አንተ ደብተሩን ስትገልጠው፣ ገጾቹን ስታጣቸው፣ ፊትህ ሲለወጥ አይታለች። ባልደረቦችህ ሁሉ ፈርቶ ራሱ አጠፋው ብለው ነው የኖሩት። አሁንም እንደዚያ ነው የሚሉት።

«እውነት እንደዚያ ይፈሩ ነበር እትዬ?» አለችኝ። ከዚያ ከቦርሳዋ የወረቀት ኮፒ አወጣች፤ ለኮሚቴው በእጅህ የጻፍከው ቃል ነው። ጽሕፈትህን ሳየው ወደ መስኮቱ ብርሃን ተጠጋሁ። ቀስ ብዬ አነበብኩት፣ በዚህኛውስ አልቸኮልኩም። «የጎደሉትን ገጾች ቀድጄ የጣልኩ እኔ ራሴ ነኝ። በቤቴ ያለ ማንም ሰው ስለዚህ ነገር አያውቅም። ባለቤቴ ማንበብ አትችልም።»

ማንበብ አትችልም። ለነዚያ ሰዎች የነገርኳቸውን ውሸት ማን እንደነገረህ አላውቅም፤ ምናልባት እነሱው። አንተ ግን ደግመህ ጻፍከው፣ ፈረምክበት። ጋዜጣ ይዘህ ሳነብ የምትሰማኝ ሰው።

ለሰናይት ያን ቀን ምንም አልነገርኳትም። ሻይ አቀረብኩላት፣ ሸኘኋት። ከዚያ ለሕይወት ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። «እማዬ፣ በእመቤቴ ተዪው» አለችኝ። «አባዬ እንዲህ አድርጎ የሸፈነውን አንቺ ምን ልትሆኚ ትገልጪዋለሽ? እኔስ ነገ ቢሮ ምን ይሉኛል?» የፈራችው እንደፈራሁት ነው፤ ልጄ ናት። «እኔም ያኔ የቀደድኩት አንቺንና እሱን ብዬ ነው» አልኳት። አለቀሰች፤ ግን እሺ አላለችም። ከዚያ ቀን ወዲህ አልደወለችም።

ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ። ዝም ብል ሕይወት ትመለስልኛለች፣ አንተ ግን የፈራ ሰው ሆነህ ትቀራለህ። ብናገር ስምህ ይነጻል፣ ቤቱ ግን ከዚህም በላይ ዝም ይላል። የማማክረው ሰው አንተ ብቻ ነበርክ።

ማክሰኞ ዕለት ነጠላዬን ለብሼ፣ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዤ ሰናይት ቢሮ ሄድኩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ስጪኝ አልኳት። ማንበብ እንጂ መጻፍ ልማዴ አይደለም፣ አንድ ገጽ ለመሙላት ረፋዱ አለቀ። በሩ የተንኳኳበትን፣ ቃሏን እየፈለግኩ የቀደድኩትን፣ «የለበትም» የምትለዋን ገጽ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ሰናይት አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «ስምዎን ልተወው? አንዲት ሴት ብዬ መጻፍ እችላለሁ» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ስሟን ደብቀው ያለፏት አንዲት ቃል ናት እዚህ ያደረሰችን።

ይታተም አይታተም አይታወቅም። ሰናይትም ከቦታዋ ልትነሣ ትችላለች፤ እንዳንተ ግምጃ ቤት ቢጥሏት ቢያንስ ብልቃጥ መስበር ትተዋለች ብዬ አሳቅኳት። ሕይወትም እስካሁን አልደወለችም። ስትደውል የማልጸጸት ሆኜ እንድታገኘኝ ነው የምፈልገው።

በሕይወቴ በራሴ እጅ ሞልቼ የጻፍኩት የመጀመሪያው ገጽ ያ ነው። ቀጥሎ የመጣው ይህ ደብዳቤ ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱን እለፈው።

እስከዛሬ ሳስብህ የማስበው ያን ምሳ ስትበላ ነበር። እሱን አልረሳውም፣ ልርሳው ብልም አይተወኝም። ከእንግዲህ ግን እጅህን ኪስህ ከትተህ ለዚያ ኃላፊ በሪህህ ቀልድ ስትመልስለት፣ ቃሏን በስሟ ስትጠራት ጭምር ነው የማስታውስህ። ስለ አንተ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ፣ ማን እንደፈራና ማን እንዳልፈራ እስትንፋሴ እስካለ እነግረዋለሁ።

ለኔ ስትል «በቤቴ ያለ ማንም ሰው ስለዚህ ነገር አያውቅም» ብለህ ጽፈህ ነበር። አውቃለሁ አስፋው። ማወቄን በእጄ ጽፌ ፈርሜያለሁ።

ሚስትህ
ብርቅነሽ