በበዓለ ሃምሳ የሚጾሙት አባታችን

ሰቆጣ፣ ግንቦት 2000 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኪዳኑ፣

እንዴት ሰነበትክ? ከአባባ በቀር ሁላችን ደህና ነን። እሳቸው ከስተዋል፤ ያከሳሃቸውም አንተ ነህ።

ከጀርመን ስለ ሥራህ የጻፍክልን ደብዳቤ ነው መዘዙ። ከሰው መቅኒ የምታወጧቸው፣ የተጎዳ አካል የሚጠግኑ ግንድ ሕዋሳት አሉ አልክ። ለበሽተኛው ከመስጠታችሁ በፊት አየርና ምግብ ስትቀንሱባቸው ይበረታሉ አልክ። አባባ ደጋግመው አስነበቡኝና፣ "ይኼማ ጾም ነው። በዚህ ሂሳብ የዋግ ሰው መቅኒ ዓለሙን ይፈውሳል" አሉ። በማግስቱ ጀርመን ጾም እንደ ገባች ለሰበካው ሁሉ አወሩ። እኔም ስቄ ተውኩት።

ፋሲካ አለፈ። ቄሱ እንኳ ዓርብ ሥጋ በሚበሉበት በበዓለ ሃምሳ፣ አባባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም። ከዚያም ቆሎ ቢጤ ቆርጠም አድርገው ይነሳሉ። አየሩንም አልረሱት፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ይውላሉ። በቀደም ሲነሱ አዙሯቸው ወደቁ። ሐኪሙ የሚያስፈልጋቸው ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም ብሎ መለሰን።

የነፍስ አባታቸውን አባ ወልደ ኢየሱስን ጠራሁ። በሃምሳው መጾም ክልክል ነው ብለው ገሠጿቸው። አባባ ግን ይህ የኪዳኑ ጾም ነው፣ ያሰረ ይፍታ አሉ። አባ ወልደ ኢየሱስም አሰብ አደረጉና፣ እውነት ነው፣ ቀኖና የሚፈታው የሰጠው ነው ብለውኝ ሄዱ። ቤተ ክርስቲያን ከሳምክ ስንት ዘመንህ፣ ዛሬ የአባትህ ነፍስ አባት ሆነሃል። በስልክም አይሆንም፤ በጽሑፍ የታሰረ በጽሑፍ ይፈታል ብለዋል አባባ። አስመስዬ እንዳልጽፍ ደግሞ የእጅ ጽሑፍህን ከእኔ ይለያሉ።

ለጉልበታቸው ሕመም የሚጾሙ መስሎኝ፣ በዚህ እንደማይድን ነገርኳቸው።

"ለጉልበቴ ነው ማን አለሽ?" አሉኝ። "ኪዳኑ የሽማግሌ ሕዋስ ደካማ ነው ብሎ ጽፎ የለ? ሲመጣ ከእኔ ወስዶ ይሥራበት ብዬ ነው። የአባቱ ደካማ ሆኖ ቢያገኘው ባልደረቦቹ ፊት ያፍራል።"

ወደ ጓዳ ገባሁ።

ኪዳኑ፣ ሳይንሱን ለጊዜው ተወውና ቶሎ ጻፍ። ደካማም ቢሆን የእርስዎ ይሻለኛል፣ ይብሉ በላቸው። ይህን እኔ ብላቸው አይሰሙኝም።

ምሳቸውን እያቀረብኩ እንደ ተከደነ የማነሳው
እህትህ እየሩስ