ከመንገድ ዳር ያየሁት ማሳ

መስከረም 19
ቢሮ። ሻይ፣ ማህተም፣ ወረፋ። የጎርፍ ድጋፉ ዝርዝር ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ማሳው ከግማሽ በላይ የተጎዳበት ያገኛል፤ ሌላው አያገኝም። ጉዳቱን የገመትኩት እኔ ነኝ፣ አርባ ሁለት ማሳ በሦስት ቀን። አለቃዬ “ፈጣን ነህ” አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። አጎቴም ስሙን በጣቱ ፈልጎ አገኘና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

መስከረም 20
እትዬ ቀስታ መጡ። ወንዙ ዳር የሚያርሱት ሴትዮ ናቸው፤ ቸኩለው ስለማያውቁ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። አርባ በመቶ ብዬ ነው የጻፍኩባቸው።
“ልጄ፣ ታች ድረስ ወርደህ አይተኸዋል?”
ዓይኔን በጨው አጥቤ “አዎ፣ አይቼዋለሁ” አልኳቸው።
“እንግዲህ ካየኸው ምን እላለሁ” ብለው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 22
አልወረድኩም። እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ…
መንገድ ዳር ቆሜ ነው ያየሁት። የላይኛው በቆሎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወደ ታች ጭቃው እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ጫማዬ ደግሞ አዲስ። ለጫማ ብዬ! እሱም እኮ ይጠበኛል።
ከዚያ አጎቴ ቤት ገባሁ። ምሳ በላሁ። “ስልሳ በለው፣ ባይሞላም ብዙ አይርቅም” አለኝ። ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ስልሳ ብዬ ጻፍኩ። የእሱንም ማሳ አላየሁትም።

መስከረም 25
ዛሬ ወረድኩ። ደለሉ በቆሎውን ውጦታል፤ ጫፍ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። አርባ? የትኛው አርባ?
እትዬ ቀስታ ከላይ አዩኝ። አሁን ምን ልትሠራ መጣህ አላሉም። እግሬን እንድታጠብ ውሃ አመጡልኝ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዘር የሚገዙበት ስለሌላቸው ላሚቱን ለገበያ እያዘጋጇት እንደሆነ ጎረቤታቸው ነገረኝ።

መስከረም 26
ለአለቃዬ ነገርኩት። በሩን ዘጋ።
“የአንዱ ግምት ከተከፈተ የወንዙ ዳር ማሳ በሙሉ እንደገና ይታያል። በሌላ ሰው። የአጎትህም እዚያው ነው።” ያውቅ ነበር ማለት ነው። የቅሬታ ጊዜው ሰኞ ያበቃል፤ እስከዚያ አስብበት አለኝ።
አባቴ ሲሞት የወሰደኝ አጎቴ ነው። ደብተሬ፣ ዩኒፎርሜ፣ ሁሉም ከእሱ እጅ… ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ?

መስከረም 28፣ ቅዳሜ
ዛሬም ፈራሁ።

መስከረም 30
መጀመሪያ አጎቴ ጋ ሄድኩ። እስኪጨርስ አዳመጠኝ።
“ለእሷ ብለህ እኔን?”
“ለእሳቸው ብዬ አይደለም፣ አጎቴ። ሳላይ አይቻለሁ ብያለሁ።”
“እኔ ሳሳድግህ አንድም ቀን ውለታ ቆጥሬብህ አላውቅም” አለና ገባ። እውነቱን ነው፣ ቆጥሮብኝ አያውቅም።
ቢሮ ገብቼ “ማሳዎቹን ሳላይ ገምቻለሁ” ብዬ በእጄ ጽፌ ፈረምኩ።

ጥቅምት 9
ከሌላ ወረዳ የመጣችው ገምጋሚ ቦቲ ጫማ አድርጋ ሁሉንም ዞረች። እትዬ ቀስታ ሰባ አምስት። አጎቴ ሠላሳ ስምንት። መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። እኔን ማህደር ክፍል አስገብተውኛል፤ አቧራ አራግፋለሁ።
ከሰዓት እትዬ ቀስታ ለድጋፉ ሊፈርሙ መጡ። ቀስ ብለው ፈረሙ። እንደ ጥሩ ሰው ሆኜ “ላሚቱ እንግዲህ ተረፈች” አልኳቸው።
“ተሸጠች፣ ልጄ። የመስከረም መጨረሻ ቅዳሜ።”
ምርቃታቸውን አውርደውልኝ ሄዱ። አሁን ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ ያን ቅዳሜ ፈለግኩት። ሁለት ቃል ብቻ ነው የጻፍኩበት።