በሙታኖቼ ላይ ለዘመቱት ሐኪም

ከባሕር ማዶ መጥተው በደብረ ታቦር የጦር ሰፈር ለሚገኙት ክቡር ካፒቴን ሐኪም፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የጉና ግርጌው መሪጌታ ሙላቴ፣ ቤቴን ካቃጠሉልኝ ወዲህ ብርዱን አጥብቄ ስላወቅሁት፣ እርስዎን እንዳይበርድዎ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በገበያው በር ላይ ያስለጠፍሁት አገሩ ሁሉ አንብቦ እንዲያመሰግንዎ ነው።

የስድስት ዓመቷ ልጄ የሺ ግንባሯ ሲሳም ጨው ጨው ይላል፤ ስትስል ውላ ስትስል ታድራለች፤ እየበላች ትከሳለች። ታላቅ ወንድሟን በዚሁ በሽታ ቀብረነዋል። ወደ እርስዎ ባመጣኋት ጊዜ፣ በሽታው በጤነኛ እናትና አባት ደም ተደብቆ ኖሮ በልጅ ላይ የሚገናኝ ሳይሆን አይቀርም ብለው ዘራችንን ስለ ጠየቁኝ እጅግ አመሰግናለሁ። የቀረውን ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ በእኛ አገር ዘር ሲጠየቅ ለጋብቻ እንደሚደረገው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራልና፣ የእኔንም የባለቤቴን የፈንታነሽንም አያት ቅድመ አያት ከነፊታውራሪነታቸው ቆጠርሁልዎ። ሙታን መሆናቸውን አለመናገሬ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው አለ ብዬ አላሰብሁም። እርስዎም ዝርዝሩን የሽፍቶች ስም ነው ብለው ለጦር አዛዡ ሰጡ።

፪ኛ፤ ወታደሮችዎ ከሞተ ስልሳ ዓመት ያለፈውን ቅድመ አያቴን አምጣ ብለው የባለቤቴን ወንድም ሞላን በሰደፍ ቀጥቅጠው ገደሉት። መቃብሩን ቢያሳያቸውም አላመኑትም። ጥርሶቹን ከደጃፉ አፈር ላይ አንድ በአንድ የለቀምሁት እኔ ነኝ።

፫ኛ፤ ልጄ የገላዋ ጨው በላብ እያለቀባት ስለምትደክም ያስቀመጥንላትን አሞሌ ጨው የሽፍታ ስንቅ ነው ብለው ወሰዱት። ምሳዎን እንዳጣፈጠልዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

፬ኛ፤ ፈንታነሽን አሰሩ። ጠዋትና ማታ ልጃችንን በጉልበቷ ላይ በደረቷ ደፍታ፣ ጎድጎድ ባለ መዳፍ ጀርባዋን እየመታች አክታውን የምታወጣላት እርሷ ነበረች። ወታደሮችዎ ይህን አይተው ልጇን ትደበድባለች ብለው ከሰሷት፤ የነፍሰ ገዳይ ርኅራኄ እንዲህ ነው! እኔ ብሞክር አልሆነልኝም። ዛሬ የልጄ ከንፈር ጠቁሯል፤ እኔም እጠላዎታለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ እህል ስቀምስ እንኳ እጠላዎታለሁ።

ስለ ዋሉልኝ ውለታ ሁሉ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ዕድሜዎ እስክንገናኝ ድረስ እንዲረዝም የምጸልይ፣

መሪጌታ ሙላቴ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ትናንት በጉና ዳገት ላይ እኔና እውነተኞቹ ሽፍቶች የማረክነው ወታደርዎ በሕይወት አለ። የየሺን ጀርባ እንዲመታ አስተምሬዋለሁ፤ እጁ ግን ከባድ ነው፤ አክታውም አልወጣም። እስከ እሑድ ፈንታነሽን ቢልኩልን እርሱን ይወስዳሉ። ልጄ ቀድማ ከሞተች ግን ጭንቅላቱን ብቻ እልክልዎታለሁ።